ጦም ያደረ መሬት

የወሎ ወይም የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ጦም አደረ» ሲል ድምፁ ውስጥ ሐዘን አለ። በሬ ሞቶበት ይሆናል፤ ዘር አጥቶ ይሆናል፤ ወይም ታሞ ክረምቱ አልፎበት ይሆናል። በደጋው ሰው ዐይን ሳይታረስ የከረመ መሬት የቤት ገመና ያወጣል። ዳዋ የዋጠው ማሳ ባለቤቱ እንደሞተ ወይም እንደተሰደደ ይመሰክራል።

በአሶሳ ዙሪያ ባሉ የበርታ መንደሮችና ከአባይ ማዶ በመተከል የጉሙዝ ቆላ ግን ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰው ሰፊ መሬት ሌላ ነገር ይናገራል። ትናንት ማሽላ በቅሎበታል። ከዓመታት በኋላም ማሽላ ይበቅልበታል። አሁን አርፏል። ማን እንደመነጠረው፣ የየትኛው ጎሳ ድንበር የት ላይ እንደሚያልቅ፣ በየትኛው ዛፍ ላይ የማን ቀፎ እንደተሰቀለ የአካባቢው ሰው ያውቃል። አጥርም ካርታም የለውም፤ ባለቤት ግን አለው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝን የገጠር ታሪክ ሳገላብጥ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይኸው የዐይን ልዩነት ነው። ከመሀል አገር የመጣ መንግሥት ሁሉ፣ ዘውድ የጫነውም፣ ሶሻሊዝምን ያወጀውም፣ ልማታዊ ተብሎ የተጠራውም፣ ያረፈውን መሬት ባዶ ነው ብሎ አነበበው። ስለ ክልሉ የቤተሰብ እርሻ፣ ስለ ደኑና ስለ ዘላቂ ልማቱ የሚታቀደው ነገር ይህን ንባብ ካላረመ በቀር መነሻው ላይ ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ለመረዳት ከአንዲት ዝንብ መጀመር ይሻላል። የአባይ፣ የዳቡስ፣ የዲዴሳና የበለስ ሸለቆዎች ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ አገር ናቸው። በሬ ወደዚያ ሸለቆ ሲወርድ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ በመጨረሻም ይሞታል። የጉሙዝም ሆነ የሌሎች የቆላ ሕዝቦች እርሻ ከሞፈር ይልቅ በዶማ የተመሠረተው ስለዚህ ነው። ደገኛው መንገደኛ «ማረስ አያውቁም» ብሎ የተረጎመው ነገር፣ በሬ በማይኖርበት አገር ቤተሰብን ለመመገብ የተገኘ መላ ነበር።

ዶማ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ሞፈር ሥር ይይዘዋል፤ ትራክተር ጉቶን ጨርሶ አይታገሠውም። በዶማ የሚቆፍር ቤተሰብ ግን ጉቶ አይነቅልም። በበጋ ሲመነጥር ግንዱን ቆርጦ ሥሩን ይተዋል፤ ዋንዛውን፣ ሾላውን፣ ኩመሩን ለጥላውና ለፍሬው ብሎ ያልፈዋል። የቆረጠው ሲደርቅ ያቃጥለዋል። የአሶሳ ቀይ አፈር አሲዳማነት ያጠቃዋል፤ አመዱ ያንን ኮምጣጣነት ያበርዳል፣ ለሰብሉም ምግብ ይሆናል። ዛሬ የግብርና ባለሙያ ኖራ በከረጢት ተሸክሞ የሚያደርገውን በከፊል አመዱ ያደርገዋል ማለት ነው። ዝናብ ሲጥል ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሰሊጥ፣ ዱባ ይዘራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፈሩ ሲደክምና አረሙ ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ሌላ የጎሳው መሬት ይሻገራል። በተተወው ማሳ ላይ ያ ያልተነቀለ ጉቶ ያቆጠቁጣል። ደኑ ከሥሩ ይመለሳል።

በዚህ እርሻ ውስጥ የሴቷ ድርሻ ከባድ ነው። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ሁለት ጫፍ ሸክሟን አመዛዝና ከማሳ ስትመለስ ማየት በመተከል የዘወትር ነገር ነው። ከወንዶቹ እኩል፣ ብዙ ጊዜም በላይ፣ ማሳ ላይ ትውላለች። ሰብል ከመድረሱ በፊት ጎተራው ሲጎድል ደግሞ ያረፈው መሬትና ጫካው ሁለተኛ ጎተራ ይሆናሉ። ሥራ ሥር ከዚያ ይቆፈራል፣ ቅጠላ ቅጠል ይለቀማል፣ ማር ይቆረጣል፣ በክረምት የሚወጣው የሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ፣ ቀንበጥ ይቀቀላል። አንድ ቤተሰብ ስንት ጥማድ መሬት አለው ብሎ የሚጠይቅ መዝገብ ይህን ሁሉ አይቆጥረውም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ያለውን ጊዜ የቤተሰብ እርሻ አሥርት ብሎ ሰይሞታል። በዓለም ላይ የሚበላው ምግብ አብዛኛው በቤተሰብ ጉልበት ከሚለማ መሬት እንደሚገኝ ለማስታወስ ነው። በመተከልና በአሶሳ ግን የቤተሰብ እርሻ ማለት ማሳው ብቻ አይደለም፤ ማሳው፣ ያረፈው መሬትና ጫካው አንድ ላይ ናቸው።

ከውጭ የመጣ ኃይል ግን ለረዥም ዘመን እርሻውን ለማየት እንኳ አልፈለገም። የፈለገው ወርቅና ሰው ነበር። የግብጹ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1821 ሱዳንን ለመውረር የላከው ጦር ወንዙን ተከትሎ እስከ ፋዙግሊና እስከ ቤላ ሻንጉል ተራሮች ጫፍ የተጠጋው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ምኞት ነው። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ዘመቻ አካባቢውን ለአፄ ምኒልክ ሲያስገብር በቦታው ላይ የአቆልዲ (የዛሬዋ አሶሳ)፣ የቤላ ሻንጉልና የሆሞሻ ሼኮች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ገናና የሆኑት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት በወርቅ እየገበሩ አካባቢውን ለብዙ ዓመታት ገዙ። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ የሚያጥበው ያው ማሽላ ዘሪው ቤተሰብ ነበር። ከድንበሩ አካባቢና ከመተከል ቆላ ብዙ ሰው በባርነት ተፈንግሏል፤ በጎጃም በኩልም የጉሙዝ ሕዝብ በገዢዎች ዘመቻ እየተገፋ ወደ ሞቃቱ ሸለቆ ወርዷል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል ድንበሩን ሲያሰምር በርታውንና ጉሙዙን በሁለት አገር ከፈላቸው።

የባርያ ፍንገላ በእርሻ ላይ ምን እንዳደረገ በቁጥር የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን ማሳውን ከመንገድ ማራቅና መንደሩን በትኖ ማስፈር፣ በማንኛውም ሌሊት ልጁ ሊወሰድበት ለሚችል ሰው የብልሃት ሥራ እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። በኋላ ዘመን ሹሞች «ተበታትነው ስለሚኖሩ ልማት አይደርሳቸውም» እያሉ ሲጽፉ ይህን ታሪክ አላስታወሱም።

በ1977 ዓ.ም. ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተቀየረ። ወሎና ትግራይ በድርቅ አለቁ። መንግሥት በሰሜን ያለውን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማዛወር ወሰነ። በጠቅላላው 600,000 ያህል ሰው ከቀዬው ተነሣ። አሶሳ ከዚያ ቀደም ብሎም ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎችን ተቀብላ ነበር፤ አሁን ግን ጎርፉ በረታ። በመተከል የበለስ ሸለቆ ደግሞ ከ80,000 በላይ ሰው ፓዌ ላይ ሰፈረ። የሰፈራ መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ ቁጥር ተሰጣቸው። በአሶሳ ዙሪያ «አምባ» ከቁጥር ጋር፣ በፓዌ «መንደር» ከቁጥር ጋር፣ ሰው እስከ ዛሬ አገሩን በዚያ ቁጥር ይጠራል። ከቁጥሩ በፊት የነበረውን የቦታውን ስም የሚያውቁት ቀድሞ በጫካው ውስጥ የነበሩት ናቸው።

በፓዌ የጣና በለስ ፕሮጀክት በኢጣሊያ መንግሥት ገንዘብና በኢጣሊያ ሥራ ተቋራጭ ተቋቋመ። ከባድ መሣሪያ ገባ። መንገድ ተጠረገ፣ ሆስፒታል ተሠራ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ተደለደለ። የሽመሉና የዛፉ ጫካ በዶዘር ተገለበጠ፤ ጉቶው ከነሥሩ ተነቀለ። የጉሙዝ ዶማ ለዘመናት ሳይነካው ያለፈው የደኑ መመለሻ በጥቂት በጋ ጠፋ። እርሻው የጋራ ሆነ፤ ገበሬው በትራክተር ጉልበት ለነጥብ ሠራ። ሶሻሊስቱ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ኢጣሊያኖቹ ወጡ፤ ማሽኑ ቆሞ ቀረ። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ በእግራቸውም ሆነ በመኪና ወደ ቀያቸው ተመለሱ። የቀሩት በሬ ገዙ፣ ማሳ ተካፈሉ፣ እንደገና የቤተሰብ ገበሬ ሆኑ።

በዚህ ታሪክ ላይ ስጽፍ ሁለት ሐዘን በአንድ ልብ መያዝ አለብኝ። ከወሎ የተነሣው ሰው ልጁን ቀብሮ፣ የማያውቀው ሙቀትና ወባ ውስጥ ገብቶ፣ ብዙ ጊዜም ሳይወድ የተጫነ ነው። እሱን መሬት ነጣቂ አድርጎ ማየት ግፍ ነው። ያረፈ መሬቱን በአንድ በጋ የሰው ማሳ ሆኖ ያየውን ጉሙዝ ደግሞ ማንም አልጠየቀውም። መሬቱን የወሰደበት ያው የተራበ ሰው መሰለው፤ ውሳኔውን የወሰነው ግን አዲስ አበባ ነበር። በመካከላቸው ደም ፈሰሰ። ከሠላሳ ዓመታት በኋላ የመጣው ደም መነሻው ይህ ብቻ ነው ባይባልም፣ ከዚህ ተለይቶ ሊታሰብ አይችልም።

ያረፈን መሬት ባዶ ብሎ ማንበብ የእኛ ብቻ ስሕተት አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1970 በሰሜን ምሥራቅ ግዛቷ ድርቅ ሲመታት፣ የጊዜው መሪ ጄኔራል ሜዲሲ አማዞንን ሰንጥቆ የሚያልፍ አውራ ጎዳና አስጀመሩ፤ መፈክራቸውም ሰው የሌለበትን መሬት ለመሬት አልባው ሰው የሚል ነበር። መሬቱ ሰው ነበረበት። በአማዞን የሚኖሩት ነባር ሕዝቦችም እንደ ጉሙዝ ቆርጠው፣ አቃጥለው፣ ዘርተው፣ አሳርፈው የሚኖሩ ናቸው። ኢንዶኔዥያም ከተጨናነቀችው ከጃቫ ደሴት ገበሬዎችን ወደ ሱማትራና ካሊማንታን ደን ስታጓጉዝ ኖራለች። በሦስቱም አገር ከአውሮፕላን ሲታይ አረንጓዴ የሆነው ነገር በዕቅድ አውጪው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ሆኖ ታየ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለክልሉ ሕዝቦች ስማቸውን መለሰላቸው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ይዞ በራሱ ክልል ሆነ፤ አሶሳም ዋና ከተማ ሆነች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በአንቀጽ 40 ላይ ሕገ መንግሥቱ ለአርሶ አደሮች መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመነቀል መብት ሲሰጥ፣ ለዘላኖችም ለግጦሽና ለእርሻ የሚጠቀሙበትን መሬት ሲያረጋግጥ፣ በመካከል ያለውን ሰው አልጠራውም። በሬ አይጠምድ፣ ከብት እየነዳ አይዞር፤ ዘንድሮ እዚህ ዘርቶ፣ ያንን አሳርፎ፣ ወደዚያ የሚሻገር ገበሬ ነው። የመሬት ማረጋገጫ ደብተርም የሚሰጠው ታርሶ ለሚታየው ማሳ ነው። ያረፈው መሬት ደብተር ላይ ለመግባት ይቸገራል፤ ደብተር የሌለው መሬት ደግሞ ለሌላ ይሰጣል።

ተሰጠም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ነበር፤ ስፋቱ ወደ 50,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 16 ሰው ገደማ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ባለሀብት ለሚፈልግ መንግሥት ጆሮ ጣፋጭ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰፋፊ መሬት ለአገር ውስጥም ለውጭም ባለሀብት በኪራይ ተላለፈ፤ አንድ የህንድ ኩባንያ ብቻውን ለነዳጅ ዘይት ዛፍ 50,000 ሄክታር ተፈቅዶለት ነበር። ብዙዎቹ የወሰዱትን አላለሙትም፤ አንዳንዱ ዛፉን ለከሰልና ለጣውላ ቆርጦ ሄደ። በዚያው ሰሞን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ ከጋምቤላ፣ ከአፋርና ከሶማሌ ጋር የመንደር ማሰባሰብ መርሐ ግብር ውስጥ ገባ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና ውኃ ጉድጓድ ለአንድ ላይ ለተሰበሰበ ሰው ለማድረስ ይቀላል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን በአንድ መንደር የተሰበሰበ ሰው በእግሩ የሚደርስበትን መሬት ብቻ ያርሳል። በየዓመቱ ያንኑ መሬት ያርሳል። ማሳረፍ ቀረ።

በማሳረፉ ቦታ አቀንጭራ ገባች። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቃ የምትመጥጥ፣ አበባዋ የሚያምር፣ ገበሬን የምታደኸይ አረም ናት። ዘሯ ከአቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የማሽላ ሥር እስኪያገኝ ይጠብቃል። ማሳ ለረዥም ጊዜ ሲያርፍ ዘሯ የሚጣበቅበት ሥር አጥቶ ይመናመናል፤ ማሽላ በማሽላ ላይ ሲዘራ ግን በየዓመቱ ይበዛል። በወሎንኮሚ ተወልደው ያደጉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። የአሶሳና የፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከላትም ለእርጥቡ ቆላ የሚስማማ ማሽላና አኩሪ አተር ሲያወጡ ኖረዋል፤ አኩሪ አተሩ ናይትሮጂን ለአፈሩ ስለሚመልስና የአቀንጭራን ዘር ሳይመግብ ስለሚያበቅል በተለይ ዋጋ አለው። እነዚህ ማዕከላት ከብዙ ሪፖርት በላይ ለክልሉ ቤተሰቦች ሠርተዋል ብል ማጋነን አይደለም። ያም ሆኖ የዘር ምርጫ ማሳረፍን ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ከመሬቱ ሌላ ወንዙም ተለወጠ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በመተከል፣ ጉባ ላይ፣ የአባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ ንጋት ሐይቅም እስከ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰፋል። የአገር ኩራት ነው፤ እኔም ኮርቻለሁ። ግን ከውኃው በታች ያለውን ሳስብ የአባይ ዳር አትክልት ይታወሰኛል። ወንዙ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ሰዎች ይዘሩ፣ በበጋ ወርቅ ያጥቡ፣ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። እነዚህ ቤተሰቦች ከዚያ ተነሥተዋል። አዲሱ ሐይቅ ዓሣ አለው፤ ዓሣው የማን መረብ እንደሚገባ ደግሞ ገና እየተወሰነ ያለ ነገር ነው። ዳርቻውን ለቆ የወጣው ሰው ቀዳሚ እንዲሆን እመኛለሁ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ካማሺና መተከል ዞኖች የደረሰውን ግጭት በአጭሩ ብቻ ላንሳው፤ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። አማራ፣ ሺናሻ፣ ኦሮሞ፣ አገው፣ ጉሙዝ፣ ሁሉም የቀበሩ አሉ፤ በመቶ ሺዎች ተፈናቀሉ። በዚያ ዓመትና በቀጣዩ የብዙ ቤተሰብ ማሳ ሳይወድ በግድ ጦም አደረ። እርቅ ሲባል ሰው ከመሬት አስቀድሞ ስለ ጥላቻ ያወራል፤ በእኔ አስተያየት ግን የማን ያረፈ መሬት የት ድረስ እንደሆነ፣ የሰፋሪው ልጅ የማረስ መብትም በምን እንደሚጸና በአገሬው ሽማግሌዎች ፊት በግልጽ ካልተለየ ሌላው ንግግር አይዘልቅም።

አሶሳ ዙሪያ ነገሩ ትንሽ ሌላ መልክ ይዟል። እዚህ ሰፋሪውና ነባሩ ሰው በአንድ ዛፍ ተመሳስለዋል፤ ማንጎ። በጓሮው ማንጎ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ሲደርስ ከተማው በማንጎ ይጥለቀለቃል፤ መንገድ ዳር በባልዲና በላስቲክ ይሸጣል፤ ዋጋውም ይወድቃል። አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች፤ በወለጋ በኩል ያለው መንገድ በፀጥታ ችግር ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፤ የሚጨምቅ ፋብሪካ በቅርብ የለም። ማንጎው ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየችው የማንጎ ነጭ ነፍሳት ወደ ምዕራብ ተሻግራ ቅጠሉንና ፍሬውን ትመጥጣለች። የጓሮው ማንጎ ከዘር የበቀለ፣ ያልተዳቀለ፣ ረዥም ዛፍ ስለሆነ መድኃኒት መርጨት አይመችም፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ ማደስ ይሻላል። ቤተሰብ ግን የሚበላውን ዛፍ ለመቁረጥ ልቡ አይፈቅድም። የሚያመላልስ ጭነት መኪናና የተዳቀለ ችግኝ ለእንደዚህ ዓይነት ቤት ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

ወደ ያረፈው መሬት ስመለስ፣ ተስፋ የሚሰጠኝ ነገር በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ነው። ደን የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የግል፣ የማኅበርና የማኅበረሰብም ሊሆን እንደሚችል ደንግጓል። ይህን በር በአግባቡ ከፍቶ የአንድን ጎሳ ያረፈ መሬት፣ የእጣን ዛፉን፣ የሽመል ጫካውን፣ የቀፎውን ዛፍ በአንድ የማኅበረሰብ ደብተር መመዝገብ ይቻላል። ያን ጊዜ ካርታው ላይ «ክፍት» ተብሎ የሚቀባው ቀለም ይለወጣል። ከመንግሥት ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ባለሙያው ከመንደሩ ሽማግሌና ከማሳው ሴት ጋር በእግሩ እንዲዞር ነው።

ሽመሉን ለመጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። የቆላ ቀርከሃ የሆነው ሽመል ውስጡ ድፍን ነው፤ ቤት ይሠራበታል፣ አጥር፣ አልጋ፣ ጎተራ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሽመል አብዛኛው የሚገኘው በዚህ ክልል ነው። ለረዥም ዘመን ሳያብብ ይኖርና አንድ ቀን ጫካው በሙሉ በአንድነት ያብባል፤ ዘሩን ይጥላል፤ ከዚያ ይደርቃል። ያን ጊዜ የሚያልፍ ሰው ኮረብታው ሁሉ የሞተ ይመስለዋል፤ እሳት ይለቅበታል፣ ከብት ያሰማራበታል፣ ወይም ባለሀብት ትራክተር ያመጣበታል። በደረቀው ግንድ ሥር ግን የወደቀው ዘር በዝናብ ይበቅላል። አዲሱ ሽመል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሣር አይለይም።